የጁነይዲ ግራ እግር

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነበር እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ራሴው እጠራጠራለሁ። ዓመቱን አልስተውም፤ እኔና የትናየት የተጋባነው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። የሚያምታታኝ ቀኑ ነው። ኅዳር ሚካኤል ከነበረ፣ አባቴ በሚካኤል ቀን እንኳን መጋዝ ሚስማር አያነሣም፤ ታዲያ ከሥራ ቤቱ የማሽን ድምፅ እንዴት ወጣ? እናቴ "ማግሥቱን ነው፣ አሥራ ሦስት ነው" ትላለች። ለምልክትም የበዓሉ ጠላ ተጋምሶ እንደነበር ትጠቅሳለች። እኔ ግን አሥራ ሁለት ነው ባይ ነኝ። አባቴ ያልነበረው በዓል ስለሆነ ነው፤ ጁነይዲ ብቻውን የነበረው በዓሉ የእሱ ስላልሆነ ነው።

በቀኑ ላይ እንዲህ የምከራከረው ለቀኑ ብዬ አይደለም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጁነይዲን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ። ልጠይቀው ስነሣ ሰው ይገባል፣ ስልክ ይጠራል፤ አንዳንዴም ማንም ሳይመጣ እኔው ወሬ እቀይራለሁ። ጥያቄው አጭር ነው። እኔ ያደረግሁትን ያውቅ እንደሆነ ነው።

ጁነይዲ ከሪም እንደ እኔው የእስቴ ከተማ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው። አባቱ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ረጅም፣ ጆሮው ከራሱ ራቅ ያለ፣ ሲያስብ በጥርሱ መሃል የሚያፏጭ ልጅ ነበር። ትምህርቱን የተወው ሰንፎ አይደለም። አንድ ቀን የእናቱን የተሰበረ በርጩማ ሊያስጠግን አባቴ ዘንድ መጣ፤ ጥገናው እስኪያልቅ ቆሞ አየ። በማግሥቱ ሌላ የተሰበረ ነገር ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ያመጣውን ወንበር ራሱ ሆን ብሎ እንደሰበረው ኋላ እየሳቀ ነግሮናል። አባቴ ነገሩ ገብቶት ኖሮ "እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ የሚቀመጡበት ሳይጠፋ አንተው እዚሁ ተቀመጥ" አለው። በዚያው ቀረ።

አባቴ ንጋቱ ከመናኸሪያው በታች፣ ከቤታችን ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ባለች ቆርቆሮ ሥራ ቤት በር፣ አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ አናጺ ነበር። እኔን ከሥራ ቤቱ ያርቀኛል። "አንተ እጅህን ለብዕር ጠብቀው" ይለኛል። ለሰው ሲያወራ ይኮራብኛል፤ የማይነበብለትን የእንግሊዝኛ ደብተሬን አውጥቶ ለደንበኞቹ "ይኸው የልጄ ጽሕፈት" እያለ ያሳያል። ጁነይዲን ግን ይነካዋል። ትከሻውን መታ ያደርገዋል፣ ማጅራቱን ይይዘዋል፣ በብናኝ የነጣ ፀጉሩን በመዳፉ ያራግፍለታል። እኔን አባቴ በልጅነቴ ከታመምኩበት ጊዜ በቀር በእጁ የነካኝን አላስታውስም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ ከተዘረጋ ዋንዛ ፊት ተቀምጬ መሮ አነሣሁ። አባቴ የወይራ እጀታ ያላት፣ ከአባቱ የወረሳት መሮ ነበረችው፤ እሷን ነው ያነሣሁት። ሁለት ጊዜ መታሁ። በሦስተኛው አዳልጣኝ እንጨቱን በማይገባው በኩል ሰነጠቅሁት። አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሮዋን ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ ለጁነይዲ አቀበለው። ጁነይዲም ስንጥቁን ተከትሎ ቅጠል አድርጎ ቀረጸው፤ ሰው ሲያየው ከመጀመሪያው ታስቦበት የተሠራ እስኪመስል ድረስ። ያ በር የእህል ነጋዴው የተስፋሁን ቤት ላይ ዛሬም አለ። በዚያ በኩል ሳልፍ ቅጠሉን ላለማየት መንገድ የምሻገርበት ጊዜ ነበር።

ስለ እግሩ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። አባቴ ሙያውን የተማረው ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ከአባቱ ነው። እዚያ አናጺ ጠረጴዛ አያውቅም። መሬት ተቀምጦ ጫማውን ያወልቅና እንጨቱን በሁለት እግሩ መሃል ጨምድዶ ይይዛል፤ ሁለቱ እጆቹ ለመሮውና ለመዶሻው ነጻ ይሆናሉ። እግር እንጨቱን ያዞራል፣ ያጋድማል፣ ሲያስፈልግ ያላላል። አባቴ እየሸመገለ ሲሄድ ቁርጥማት ጉልበቱን ያዘውና መሬት መቀመጥ አቃተው። ያን ጊዜ የጁነይዲ እግር የእሱ እግር ሆነ። በተለይ ግራው። ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀር ማንም ነቅንቆ አያስለቅቀውም፤ ገበያተኞች እየተወራረዱ ሲጎትቱ አይቻለሁ። አባቴም ከጎን ቆሞ የራሱ ልጅ ዲግሪ የጫነ ያህል ፊቱ ይበራል።

ዲግሪውን የጫንኩት ግን እኔ ነበርኩ። የተመረቅሁ ዕለት አባቴ ባሕር ዳር ድረስ ልብሱን አሳጥቦ መጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ማታውኑ ተመለሰ። ጁነይዲ ብቻውን የጀመረው የቁምሳጥን በር አለ፣ እንዳይጣመምበት አለኝ።

በጾም ወራት ሦስታችን አንድ ትሪ እንበላ ነበር፤ ሽሮ ሃይማኖት አይለይም። ፋሲካ ሲደርስ ግን የኛን ሥጋ ጁነይዲ ስለማይበላ አባቴ ከነነፍሱ አንድ ዶሮ ይገዛለታል፤ ጁነይዲ ቤቱ ወስዶ በራሱ ሥርዓት ያርደዋል። አባቴ ያችን ዶሮ ሲመርጥ ገበያውን ሁለት ጊዜ ይዞራል። እናቴ ፈትለወርቅ "ለኛስ እንዲህ ብትመርጥልን" ብላ ትቀልዳለች። ለእሷ ቀልድ ነበር።

ሥራ የያዝኩት ደብረ ታቦር ነው። በሁለት ሺህ መግቢያ ላይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ አንድ የመሣሪያ መደብር ውስጥ ራውተር አየሁ። ክዳኑ እንደተገለበጠ ድስት ያለ፣ ሁለት እጀታ ያለው ማሽን ነው፤ ከሥሩ ስለታም ጥርስ ትሽከረከራለች። እንጨት ላይ ሲያስኬዱት ጠርዙን እንደ ፈለጉት ያለሰልሳል፣ ይቦርቡራል፣ ሐረግ ያወጣል። ሻጩ በጥድ ቁራጭ ላይ ሞክሮ አሳየኝ። ጁነይዲ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራውን እኔ ቆሜ ሳለሁ ጨረሰው። ገዛሁት። ለአባቴ ነው ያልኩት፤ እውነትም ለአባቴ ነው። ነገር ግን በእኔና በአባቴ መካከል ጁነይዲ የሌለበት አንድ ነገር እንዲኖር ፈልጌ ነው የገዛሁት።

ለመስቀል ይዤው ገባሁ። አባቴ ሣጥኑን ከፍቶ ማሽኑን በሁለት እጁ አነሣው፣ አገላበጠው፣ በጥርሷ ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ ስለቷን ለካ። ፈገግ አለ። ወዲያው ፊቱን ወደ ጁነይዲ መለሰና "እንካ፣ ምን እንደምትል አንተ ስማት" አለው።

ከሣጥኑ ውስጥ እንግሊዝኛ የተጻፈበት የአጠቃቀም መመሪያ ነበረ። አባቴ "ያለ ትእዛዟ አንነካትም፤ አንተ ገልብጥልን" አለኝ። ይህ ሥራ ደስ አለኝ። ከሁለቱ ማናቸውም የማይችሉት ነገር ነበር። አዲስ ደብተር ገዛሁና በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ቤቱ ደጅ የተከመረ ሳንቃ ላይ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ፤ እያንዳንዱን እንደጻፍኩ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ጥርሷን ከመቀየርህ በፊት ሶኬቷን ንቀል፤ ማጥፋት አይበቃም። ሁለተኛ፣ የሚንጠለጠል ነገር አትልበስ። አባቴ ይህን ሲሰማ የማተቡን ክር ከሸሚዙ ውስጥ ከተተና ጋቢውን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ጁነይዲ "ጋሼ፣ ያለ ጋቢ ሳይዎ ሰው ይመስሉኛል" አለው፤ ሳቁ። ሦስተኛ፣ ዓይንህን በመነጽር ሸፍን። መነጽር ስላልነበረ ጁነይዲ የኔን የፀሐይ መነጽር ከኪሴ አውጥቶ አጠለቀና "መልካሙ፣ አሁን እኔም ምሁር ሆንኩ" አለኝ። አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ በጥልቀት አትግባ፤ በትንሽ በትንሹ እየደጋገምክ ሂድ። አምስተኛ፣ ማሽኗን ጥርሷ ከምትዞርበት በተቃራኒ ግፋት፤ ከዞረችበት ጋር ከሄድክ ነጥቃህ ትሮጣለች። ይህን አምስተኛውን ጁነይዲ ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ በአየር ላይ በእጁ ተለማመደው።

ቀጥሎ "ስድስተኛ" ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ። መመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ የሚሠራውን እንጨት ከጠረጴዛ ጋር በሞርሳ አጥብቀህ እሰር፤ በተለይ ትንሽ ቁራጭ ከሆነ በእጅህም ሆነ በሌላ የሰውነትህ ክፍል ይዘህ አትሥራ። ሞርሳ እንጨት ጨምድዶ የሚይዝ ብረት ነው። በአባቴ ሥራ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ልክ ያን ጊዜ፣ ብዕሬ ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ አባቴ ከውስጥ ጠራኝ። ጁነይዲ እኔን እየጠበቀ ሥራ ላለመፍታት መሬት ተቀምጦ የአልጋ ቋሚ ይቀርጻል፤ ቋሚው ግራ እግሩ ላይ የበቀለ ይመስላል።

"ና እየው እስቲ" አለኝ አባቴ፤ "ሞርሳ ገዝተው የሚደክሙት እንዲህ ያለ እግር ያልተሰጣቸው ናቸው።"

እጁን በጁነይዲ ማጅራት ላይ አሳርፎ ነበር።

ወደ ሳንቃዬ ተመለስኩ። እነሱ ወረቀት ሳይኖር እንጨት መያዝ ያውቃሉ አልኩ ለራሴ። ይህን ያልኩት ከላይ ከላይ ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር ነበር፤ እስቲ ያ እግር ይታያል የሚል። ቃል በቃል እንዲህ ማለቴን አልክድም። "ስድስተኛ" ካልኩት ቁጥር ፊት የመመሪያውን ሰባተኛ ጻፍኩ፤ ጥርሷ ፈጽማ ሳትቆም ማሽኗን አታስቀምጥ። ይህንን ጮክ ብዬ አነበብኩት። የእንግሊዝኛውን ወረቀት አጣጥፌ ከሣጥኑ ሥር መለስኩት፤ እዚያ የሚያነበው ሰው አልነበረም።

በዚህ በመጨረሻው ትእዛዝ ብዙ ተሳሳቁ። ጥርሷ እስክትቆም ስንት ጊዜ መጠበቅ እንዳለበት አባቴ በአቡነ ዘበሰማያት ለካው፤ አንዱን ሲጨርስ ቆመች። ጁነይዲ ፋቲሓ ቢቀራ እኩል ይደርስ እንደሆነ ሞከረ፤ ቀድሞ ጨረሰ። አባቴ "አንተ ትቸኩላለህ፣ ሰማዩም እንዲህ በጥድፊያ አይሰማህም" አለው። ጁነይዲ "ጋሼ፣ የእርስዎ ግእዙ ነው እንጂ የሚያዘገየው ማሽኗስ ቆማ ነበር" ብሎ መለሰለት። ማሽኗ በጠፋች ቁጥር እንዲህ ሁለቱም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲጠብቁ ማየት ልማድ ሆነ። እኔ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ስመጣ ደጅ ቆሜ አያቸዋለሁ። ማሽኑን የገዛሁት እኔ፣ መመሪያውን የጻፍኩት እኔ፣ ጸሎቱ ግን የሁለቱ ነበር።

ሁለት ወር ገደማ ምንም አልሆነም። ትልልቅ ሳንቃዎች ስለነበሩ በራሳቸው ክብደት ይቆማሉ፤ መያዝም አያሻቸው። እኔም ረሳሁት። ረሳሁት ስል እዚህ ላይም እጠራጠራለሁ።

ለኅዳር ሚካኤል መጣሁ። አባቴና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ እኔ ታቦቱ እንደገባ ቀድሜ ተመለስኩ። ግቢ ስገባ የራውተሩን ድምፅ ሰማሁ። ያ ድምፅ እንጨት ሲያገኝ ይወፍራል፣ ሲለቅ ይቀጥናል። እንደ ወፈረ በድንገት ተንቋቋ፤ ከዚያ መሬት ላይ እንደ ወደቀ ነገር እየተንደረደረ ጮኸ።

ጁነይዲ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጫማው ከጎኑ በሥርዓት ተቀምጧል። ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል፣ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። ማሽኑ በጎኑ ወድቆ ጥርሷ አሁንም ትዞራለች። ቀና ብሎ አየኝና መጀመሪያ የተናገረው ይህን ነው፦

"ሶኬቱን ንቀል።"

አንደኛውን ትእዛዝ። ነቀልኩት።

ከፊቱ የወደቀው ቁራጭ ክንድ የማያህል ቀጭን ዋንዛ ነበር፤ ዳር ዳሩን ሐረግ ወጥቶበታል፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ማሽኗ ዘልላ ነክሳዋለች። አባቴ ደርሶ ለመኪና ስናነሣው ጁነይዲ ያን ቁራጭ እንዳንረግጠው ለመነን። ለየትናየት የመስታወት ክፈፍ ነው አለ። ለሠርጉ ሊሰጠን፣ በዓል ሲሆን ማንም ሳያየው ይሠራው ነበር። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ አልቆም አለው፤ ስለዚህ እንደ ለመደው በእግሩ ያዘው።

ሁለት ጣት ሄደ። አውራ ጣቱና ከጎኑ ያለችው።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አባቴ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። የበዓል ልብሱን አላወለቀም፤ ነጠላው ላይ የጁነይዲ ደም ደርቋል። እኔን ለብቻ ጠራኝ።

"መልካሙ" አለኝ፤ "ያ ወረቀት ስለ እግር የሚለው ነገር አልነበረም?"

"አልነበረም አባዬ።"

"እንግዲያስ እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

ያን ጊዜ ማረም እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እሱ ግን ይህን ብሎ ወደ ጁነይዲ ክፍል ገባ፤ በመስኮት አየሁት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በፋሻ የተጠቀለለውን እግር ጭኑ ላይ አሳርፎ ይዞት ነበር።

ጁነይዲ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እስኪድን ድረስ ቁስሉን ያጥብለት የነበረው አባቴ ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውኃ በጣሳ ይዞ፣ በጸሎተ ሐሙስ ቄሱ የምእመናንን እግር እንደሚያጥቡት አጎንብሶ ያጥባል። ጁነይዲ ያፍርና ፊቱን ያዞራል። "ጋሼ ይተዉ፣ ሁሪያ ታጥበኛለች" ይላል፤ ሁሪያ አዲስ ያገባት፣ ስማዳ ውስጥ ካለችው ከወገዳ የመጣች ልጅ ናት። አባቴ ማጠቡን ይቀጥላል። እኔ ያን እያየሁ ሐዘን ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ተሰምቶኛልም። ነገር ግን ያን የተቆረጠ እግር ቀናሁበት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ እንጨት በእግር የያዘ ሰው ሲያይ አያስችለውም ነበር። ሞርሳ ገዛ፤ ለሚመጣ ለሚሄደው አናጺ "ይህን ልጅ እኔ ነኝ ያጎደልኩት" እያለ ይናገራል። ጁነይዲ ሲሰማው "ጋሼ፣ ጣቶቹ የኔ ናቸው፣ ክርክሩም የኔ ይሁን" ይለዋል። አባቴ አይሰማውም።

የወይራ እጀታዋን መሮ ለጁነይዲ የሰጠው ወደ ወገዳ ሊሄድ ሲነሣ ነው። ማሽኑንም ከነሣጥኑ፣ ደብተሩንም ጭምር ሰጠው። እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ "ደግ አደረግህ" አልኩ።

ወገዳ ላይ ጁነይዲ የራሱን ሥራ ቤት ከፈተ። አሁን ከየቀበሌው እየመጡ ማሽን ከእሱ የሚማሩ አናጺዎች አሉ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ላይ ይመስለኛል፣ ለሥራ ወደ ስማዳ ስሄድ ጎበኘሁት። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ትእዛዞች ተጽፈዋል። ቃላቱ የኔ ናቸው፤ ሶኬቷን ንቀል፣ በትንሽ በትንሹ ሂድ፣ ጥርሷ ሳትቆም አታስቀምጥ። የመጀመሪያው ብቻ የኔ አይደለም፦ "እንጨት በእግር አይያዝም" ይላል።

አዲስ ሰው ሲመጣ ይህን አንደኛውን አያነብለትም። ግራ ጫማውን አውልቆ ያሳየዋል። እኔ ባለሁበት ንብ የሚያረቡ አንድ ጎልማሳ፣ አዱኛ የሚባሉ፣ ቀፎ በማሽን መሥራት ልማር ብለው መጡ፤ እግሩን አይተው "ጣቶቹስ?" ብለው ጠየቁ።

"እስቴ ቀርተዋል" አላቸው ጁነይዲ። "ስማዳን አልወደዱትም።"

ሰውየው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቋርጠው ማሽኑን እንደገና በጥንቃቄ አዩት። በዚያው ቅጽበት ትምህርቱ ገብቷቸው ነበር። እኔ ብዙ ዓመት በቢሮ ሥልጠና ሰጥቻለሁ፤ ማንንም እንዲህ በአንድ አፍታ አስተምሬ አላውቅም። እዚያም ቀናሁ። ሰው እንዴት በገዛ ጉዳቱ ይቀናበታል? ደግሞም እኔ ባመጣሁት ጉዳት። ያን ቀን ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልጁ ኢክላስ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋን ይዛ ገባችና የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን እንዳሳያት ለመነችኝ። አሳየኋት። ጎበዝ ነበረች።

አባቴ ዘንድሮ ሞተ። መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት ሰሞን ነበር፤ ጁነይዲ ግን እንዴት እንደመጣ እንጃ፣ ከቀብሩ በፊት ደረሰ። የአስከሬን ሣጥኑን ከሰፈሩ አናጺዎች ጋር እሱ ሠራው። ማሽን ነበር፤ አልነካም። በመጋዝና በመላጊያ፣ ዳሩን በወይራ መሮዋ ሠራው። ሣጥኑ መቃብር ሲወርድ የጎን ሐረጉን ከሰው ሁሉ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ፤ በመስታወታችን ክፈፍ ላይ ያለው ሐረግ ነበር። ያ ክፈፍ፣ የተነከሰው ጫፉ ሳይቀር፣ ጥር ላይ ተሠርቶ ደርሶን ነበር። ጠዋት ጠዋት ጢሜን የምላጨው በእሱ ፊት ነው።

ለአርባው ተዝካር እንደገና መጣ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የተለየውን በግ እሱ ራሱ አረደ፣ ቄሶቹ ሲባርኩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከዳር ቆመ፣ ወንበር አመላለሰ። እናቴ "ልጄ" እያለች ትጠራዋለች፤ እኔን ስትጠራ "መልካሙ" ትላለች። ይህንን ዛሬም እቆጥራለሁ። ጸጉሬ ሸብቷል፣ አባቴ የለም፣ እኔ ግን እቆጥራለሁ።

ያን ቀን ልጠይቀው ወስኜ ነበር። አባቴ ሲኖር ብናገር ሁለት ሰው አጣለሁ ብዬ እፈራ ነበር፤ አሁን የቀረው አንድ ነው። ደግሞ አባቴ "እኔ ነኝ" እያለ መሞቱ አላስተኛ ብሎኝ ነበር። እንግዶቹ እስኪቀንሱ ጠበቅሁ።

ከሰዓት በኋላ እሱው ወደኔ መጣ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ።

"ደብተርህ ነው" አለኝ። "ጋሼ ካለፉ አንተ ጋ ቢቀመጥ ይሻላል። እኛ ግድግዳው ይበቃናል።"

"ምነው፣ አንተ ጋ ይቆይ" አልኩት።

"አይ። ኢክላስ ትንሽ ጽፋበታለች፤ ልጅ ናት፣ አትቀየማት።"

ይህን ብሎ እናቴን ሊሰናበት ወደ ውስጥ ገባ። ወደ ወገዳ የሚመለስ አንድ አይሱዙ መናኸሪያው በር ላይ ነበር፤ መንገዱ ገና መከፈቱ ስለሆነ ሾፌሩ ቀን በቀን ለመግባት ይጣደፋል፤ ጡሩምባውን እየደጋገመ ይነፋል።

ደብተሩን ፈታሁት። ሽፋኑ በሙጫ ተጠግኗል፣ በየገጹ የጣት አሻራና የእንጨት ብናኝ አለ። ጽሕፈቴ ከዛሬው ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። አምስተኛውን አነበብኩ። ከአምስተኛውና ከስድስተኛው መሃል፣ መስመር በሌለበት ጠባብ ቦታ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ክብ ክብ ባለ የተማሪ እጅ ተጨምሯል፦ "የሚሠራውን እንጨት ከጠረጴዛ ጋር በሞርሳ አጥብቀህ እሰር፤ በተለይ ትንሽ ቁራጭ ከሆነ በእጅህም ሆነ በሌላ የሰውነትህ ክፍል ይዘህ አትሥራ።" ከሥሩ በትንሹ "ከእንግሊዝኛው የተወሰደ" ብላለች። የኔን "ስድስተኛ" ሰርዛ ሰባተኛ አድርጋዋለች። በሌላው ገጽ ወረቀቱ ራሱ አለ፣ በሣጥኑ ሥር እንዳጣጠፍኩት፣ በማጣበቂያ ተለጥፎ።

ቀኑን ጽፋበታለች። ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት። አራት ዓመት አልፎታል። በእነዚያ አራት ዓመታት ጁነይዲ አባቴን ሊጠይቅ ስንት ጊዜ መጥቷል። ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ በልቷል። አባቴ "እኔ ነኝ ያጎደልኩት" ሲል ስንት ጊዜ ከፊቱ ተቀምጦ ሰምቷል፤ "ክርክሩም የኔ ይሁን" ብሏል። ልጅቱ አንብባለታለች ወይስ ዝም ብላ ጻፈች? አንብባለት ከሆነስ፣ ሳልችል ቀርቼ የዘለልኩት መስሎታል ወይስ የዚያን ጠዋት ፊቴን አስታወሰ?

ቀና ስል እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች።

"ሄደ እኮ" አለችኝ። "አልተሰነባበታችሁም እንዴ?"

ደብተሩን እንደያዝኩ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ በመካነ ኢየሱስ መንገድ ላይ ስሮጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ዞር ብለው ያዩኛል። ጁነይዲ የአይሱዙውን ጎን ይዞ እየወጣ ነበር። ቀኝ እግሩን አስቀደመ፣ ግራውን ቀስ ብሎ ጎትቶ አስከተለ። እላይ ሆኖ አየኝ፤ ደብተሩ እጄ ላይ ተገልጦ እንዳለም አየ።

"መልካሙ" አለኝ፤ "መስታወቱ አለ?"

"አለ።"

"ያችን ጫፍ አስተካክልልሃለሁ ስል ዕድሜዬ አለቀ።"

"ተዋት" አልኩት። "ጁነይዲ፣ አንድ ነገር..."

ረዳቱ መዝጊያውን መታ መታ አደረገ፤ ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ጁነይዲ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ፤ የሞተሩ ጩኸት አላሰማውም። ደግሜ ልጠራው አፌን ስከፍት መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ወገዳው መንገድ ታጠፈ።